አውቶ ሆልድ የፍሬን ሸራ ይበላል? ከባሕር ዳር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በቅርቡ አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። ከማርሹ አጠገብ ‹አውቶ ሆልድ› የሚል ቁልፍ አለው። ቤቴ አባይ ማዶ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ጊዮርጊስ አካባቢ። ቀኝ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ይህን ቁልፍ ተጭኜ መንዳት በጣም ተመችቶኛል፤ መኪናው አንዴ ከቆመ እግሬን ከፍሬን ባነሣም አይንቀሳቀስም። የሰፈራችን መካኒክ ግን ሸራ ይበላል፣ ካምቢዮም ያበላሻል ብሎ አስፈራራኝ። አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ዳር ቆሜ ከዘመድ ጋር ስነጋገር ከቆየሁ በኋላ ነዳጅ ብሰጥ መኪናው አልሄድ አለ። ልጠቀምበት ወይስ ልተወው? በነገራችን ላይ ቤት ያለችውን አሮጌ ቪትዝም አልፎ አልፎ እነዳለሁ።»

ምላሽ፦

ይጠቀሙበት። ሸራ አይበላም፤ ካምቢዮም አያበላሽም፤ መኪናዎ አልሄድ ያለውም ስለተበላሸ ሳይሆን በተሠራበት ሥርዓት ስለሠራ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበችኝ በመጨረሻ እግረ መንገድዎን የጠቀሷት ቪትዝ ናት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይኖርብዎታል፤ መካኒክዎ ያነሡት ስጋትም ሆነ የገጠመዎት ነገር መልሱ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነውና።

አውቶ ሆልድ የራሱ የሆነ የተለየ ፍሬን የለውም። የሚጠቀመው እርስዎ በእግርዎ የሚረግጡትን ያንኑ የዘይት ፍሬን ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬኑ ዘይት ከማስተር ሲሊንደሩ ተገፍቶ በቱቦዎቹ በኩል ወደ ጎማዎቹ ይሄድና ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃቸዋል። በዚህ መንገድ መካከል ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ፣ እንዲሁም መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ኢኤስፒ የሚሠሩበት የቫልቮችና የፖምፓ ሳጥን አለ። መኪናው ሙሉ በሙሉ መቆሙን የጎማ ሴንሰሮቹ ሲያረጋግጡ ኮምፒዩተሩ እነዚያን ቫልቮች ይዘጋቸዋል፤ እግርዎን ቢያነሡም ዘይቱ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ግፊቱ ጎማው ዘንድ እንዳለ ይቀራል። ግፊቱ ቢቀንስ ወይም ጎማው ጥቂት እንኳ ቢንቀሳቀስ ፖምፓው ተነሥቶ ይጨምርለታል፤ አንዳንድ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው አጭር ጉርምርምታ የእርሱ ድምፅ ነው። ነዳጅ ሲሰጡ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበትና መኪናው ያለበትን ዘንበልታ አመዛዝኖ፣ ጉልበቱ መኪናውን ወደፊት ለመውሰድ ሲበቃ ቫልቮቹን ይከፍታል።

እንግዲህ ወደ ሸራው እንምጣ። የፍሬን ሸራ የሚያልቀው በሚዞር ዲስክ ላይ ሲፋቅ ነው። የቆመ ዲስክ አይዞርም፤ የማይዞር ነገር ላይ የተጣበቀ ሸራ ደግሞ አንድ ሰዓት ቢቆይም የሚፋቀው የለም። ከዚህ በላይ፣ እርስዎ በእግርዎ ረግጠው ቢቆዩም ሸራው ላይ የሚያርፈው ጫና በመሠረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚረግጠው አካል ብቻ ነው። የካምቢዮውም ነገር እንዲሁ ነው። በቤንዚን የሚሠራ አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ ሲቆም ሞተሩ መኪናውን ቀስ ብሎ ሊገፋው ይሞክራል፤ ፍሬኑ ያስቆመዋል፤ በመካከሉ ያለው የካምቢዮ ዘይት ትንሽ ይሞቃል። ይህ ግን አውቶማቲክ መኪና ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ በየትራፊክ መብራቱ የሚደርስ፣ ካምቢዮው እንዲችለው ሆኖ የተሠራለት ሁኔታ ነው። መኪናዎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ይህም ጥያቄ ብዙም አይነሣም።

መካኒክዎ መጠራጠራቸው ግን አያስወቅሳቸውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው የስክሪናቸው ጽሑፍ በቻይንኛ ነው፤ ይህ ተግባርም በአንዳንዶቹ በቁልፍ ሳይሆን ስክሪኑ ውስጥ «ኤቪኤች» በሚል ምሕጻር ተሰውሮ ይገኛል። የማይነበብን ነገር መጠርጠር ተገቢ ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ስቱድቤከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1936 እ.ኤ.አ. ባወጣው መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ እስካለ ድረስ የፍሬኑን ግፊት ይዞ የሚያቆይ የዳገት መያዣ ገጥሞ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ከኤሌክትሮኒክ የእጅ ፍሬን ጋር የተጣመረው ዓይነት ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው የቢኤምደብሊው 7 ሲሪየስ ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ መካከለኛና ወደ ርካሽ መኪኖች ወረደ።

በባሕር ዳር ይህ ምቾት ምን ዋጋ አለው የሚለውን በቁም ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ ከተማችን ሜዳማ ስለሆነች «ዳገት ለሌለበት ምን ያደርጋል» የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አውቶማቲክ መኪና በሜዳ ላይም ቢሆን እግር ከፍሬን ሲነሣ ወደፊት መሳብ ተፈጥሮው ነው። በከተማችን ደግሞ ከፊትዎ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ መኪና አይደለም፤ ባጃጅ ነው፣ ብስክሌት ነው፣ ሕፃን ያዘለች እናት ናት። ሰልፍ ላይ ቆመው ስልክ ሲጮህ ወይም ከኋላ ወንበር ልጅ ሲጠራዎት እግር ሳይታወቅ ይላላል፤ መኪናው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቢሳብ እንኳ የባጃጅን የኋላ ጎማ ወይም የብስክሌተኛን እግር ለመግጨት ይበቃል። አውቶ ሆልድ በሜዳ ከተማ ውስጥ ትልቁ ጥቅሙ ይህን መሳብ ማስቀረቱ ነው። ለእርስዎ ደግሞ የጉልበትዎ ጉዳይ አለ። ከአባይ ማዶ በድልድዩ ተሻግሮ መሐል ከተማ ለሚገባ ሰው በጠዋቱ የመግቢያ ሰዓት እግር በአንድ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይረግጣል፣ ያነሣል፣ ይይዛል፤ ከሦስቱ ጉልበትን በይበልጥ የሚያደክመው መያዙ ነው። አውቶ ሆልድ የሚያስቀርልዎትም ይህንኑ ነው። በተጨማሪም ሥርዓቱ ሲይዝ የኋላ የፍሬን መብራትዎ በርቶ ስለሚቆይ በምሽት ከኋላ የሚመጣው ሰው መቆምዎን ያያል፤ የእጅ ፍሬን ብቻ ስበው ቢቆሙ ግን ይህ መብራት አይበራም።

አሁን መኪናው አልሄድ ወዳለበት ቀን እንመለስ። ቫልቮቹ ተዘግተው የሚቆዩት በኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ሲፈስባቸው ይሞቃሉ። ስለዚህ መኪና ሠሪዎቹ ለአውቶ ሆልድ የጊዜ ገደብ ያበጁለታል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ወደ 3 ደቂቃ፣ በሆንዳ ደግሞ ወደ 10 ደቂቃ ሲሆነው ሥርዓቱ ሥራውን ለኤሌክትሮኒክ የእጅ ፍሬን ያስረክባል። ይኸኛው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ባለ ትንሽ ሞተር ቡሎን አዙሮ ሸራውን የሚያጠብቅ ነው፤ አንዴ ከጠበቀ በኋላ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ስለማይላላ ለረጅም ቆይታ የሚታመነው እርሱ ነው። ርክክቡ ጊዜው ሳይደርስም ይፈጸማል፦ የአሽከርካሪው ቀበቶ ከተፈታ፣ በሩ ከተከፈተ ወይም ሞተሩ ከጠፋ ኮምፒዩተሩ «ሰውየው ሊወርድ ነው» ብሎ ይገምትና የእጅ ፍሬኑን ይስባል።

እርስዎ ከዘመድዎ ጋር ሲነጋገሩ ወይ ጊዜው አልፏል፣ ወይ እንደ ብዙዎቻችን ቀበቶዎን ፈትተው ወደ መስኮቱ ዞር ብለዋል። የእጅ ፍሬኑ በነዳጅ መስጫው ብቻ እንዲለቅ ደግሞ አብዛኞቹ መኪኖች ቀበቶው መታሰሩንና በሩ መዘጋቱን ይጠይቃሉ። ቀበቶ ሳያስሩ ነዳጅ ቢሰጡ መኪናው አይሄድም፤ ይህ ለደኅንነት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መፍትሔው ቀበቶዎን አስረው ፍሬን ረግጠው የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ወደ መልቀቂያው ማንቀሳቀስ ነው። ነዳጁን አብዝቶ በመስጠት ሊያስለቅቁት አይሞክሩ፤ በድንገት ሲለቅ መኪናው ተወርውሮ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ብቻ ጋራዥ ድረስ ተጎትተው የሚመጡ ጤነኛ መኪኖች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ባለቤቱ ገንዘብ ያወጣል፣ መኪናውም በተያዘ ጎማ ሲጎተት የሌለበትን ጉዳት ያተርፋል።

በዳሽቦርዱ ላይ ስለሚበራው ምልክት ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። የመብራቱ ቀለም በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በሃዩንዳይና በኪያ ነጭ መብራት ሥርዓቱ ተዘጋጅቶ እየጠበቀ መሆኑን፣ አረንጓዴው ፍሬኑን ይዞ መሆኑን፣ ቢጫው ደግሞ ብልሽት መኖሩን ያመለክታል። በቶዮታ ግን አረንጓዴው ዝግጁ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ፍሬኑን ይዞ ሳለ የሚበራው ቢጫው ነው። ሃዩንዳይ የለመደ ሰው ቶዮታ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴውን አይቶ እግሩን ቢያነሣ፣ ሥርዓቱ ገና ያልያዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ፔዳሉን ትንሽ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፤ በእርስዎ መኪና «ይዣለሁ» የሚለው ምልክት መብራቱን አይተው ከዚያ ቀስ ብለው እግርዎን ያንሡ፤ ያነሡትንም እግር ፔዳሉ አጠገብ ያቆዩት። በአንዳንድ መኪና ሞተር በጠፋ ቁጥር ምርጫዎ ይሰረዛል፤ ጠዋት ያበሩት ከሰዓት በርቶ ላይጠብቅዎት ይችላል። ቀበቶ ሳይታሰር ወይም በር ሳይዘጋም በብዙ መኪኖች አይሠራም።

ዳገትን በተመለከተ፣ ወደ በዛዊት ኮረብታ ሲወጡ ወይም የጎንደርን ዳገታማ ሰፈሮች ሲነዱ አውቶ ሆልድ በእርግጥ ያግዛል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ይነሣል። ይሁን እንጂ ከዳገት ማስነሻ ረዳቱ ጋር አያምታቱት። ይኸኛው በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለ ቁልፍ የሚሠራ ሲሆን እግር ከተነሣ በኋላ የሚይዘው 2 ሰከንድ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው፤ ከፍሬን ወደ ነዳጅ ለመሻገር እንጂ ለመቆሚያ አይሆንም። መኪናዬ ዳገት ላይ ይይዛል ብለው የሚያምኑት የትኛውን መሆኑን ሜዳ ላይ ሳይሆን ቀለል ያለ ዳገት ላይ፣ ከኋላ ሰውም መኪናም በሌለበት ቦታ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ሳያርቁ ይፈትኑት። በክረምት ደግሞ በሐይቁ ዳርቻ ባሉት ጭቃማ መውረጃዎች ላይ አይመኑት፤ ፍሬኑ ጎማውን ቢይዝ እንኳ የተያዘ ጎማ በጭቃ ላይ ከመንሸራተት አያመልጥም።

ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ የአባይ በረሃን መውረድ አለ። ከደጀን እስከ ወንዙ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አውቶ ሆልድ ለቆመ መኪና እንጂ ለሚወርድ መኪና ምንም አያደርግም፤ ቁልቁለቱን የሚይዝልዎት ዝቅተኛ ማርሽ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እየወረዱ ባትሪውን የሚሞላው የሞተሩ መጎተት ነው። ከእንዲህ ያለ ቁልቁለት በኋላ ወዲያው ሲቆሙ ግን አውቶ ሆልዱን ማጥፋት እመርጣለሁ። ዲስኩ እጅግ ግሎ ሳለ ሸራው አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ሲቆይ የሸራው ቁስ በዚያ ቦታ ላይ ይታተማል፤ በኋላ ፍሬን ሲይዙ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሜዳ ቦታ ፈልገው ማርሹን ፒ ላይ አድርገው፣ ካስፈለገም ታኮ አድርገው ፍሬኑ አየር እንዲያገኝ ይተዉት። በእግር ረግጦ መቆየትም ቢሆን ጉዳቱ ያው ስለሆነ ይህ የአውቶ ሆልድ ጥፋት አይደለም፤ አውቶ ሆልዱ ግን እርስዎ ሳያስቡት ያደርገዋል።

ጠባብ ግቢ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ፣ ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሉ ያጥፉት። በያንዳንዱ መቆሚያ ይይዝና ለመነሣት ነዳጅ መስጠት ግድ ይሆናል፤ ነዳጅ ሰጥቶ ስንዝር ብቻ መሄድ ደግሞ ከባድ ነው፣ ግድግዳና አጥርም የሚመታው እንደዚያ ሲሆን ነው። ፍሬኑን ብቻ እያላሉ መሳብ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይሻላል። ከመኪናው ሲወርዱም በአውቶ ሆልድ ተማምነው አይውረዱ፤ ምንም እንኳ አብዛኞቹ መኪኖች በሩ ሲከፈት የእጅ ፍሬኑን በራሳቸው ቢስቡም፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርገው የእጅ ፍሬኑን በእጅዎ ስበው መብራቱን አይተው መውረድ የአሽከርካሪው ሥራ ነው። የምንደርሰው ለአንድ አፍታ ሱቅ ነው፣ የምናወርደው አንድ ኩንታል ጤፍ ነው እያልን ሞተር እንዳልጠፋ የምንወርድበት ልማድ እዚህ ብዙ ስለሆነ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ቪትዟ። አሮጌዋ ቪትዝ ይህ ሥርዓት የላትም፤ የእጅ ፍሬኗም በእጅ የሚሳብ ነው። ሰው አንድን ነገር በእግሩ ሲለምደው ሳያስብበት ያደርገዋል። በአዲሱ መኪናዎ ወራት ከነዱ በኋላ መኪና ሲቆም እግር መነሣቱ ልማድ ይሆናል፤ ያንኑ እግር ይዘው ቪትዟ ውስጥ ሲቀመጡ በመጀመሪያው ሰልፍ ላይ እግርዎ በራሱ ይነሣል፣ ቪትዟም ትሳባለች። ከፊትዎ ያለው ባጃጅ ከሆነ ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬያለሁ። ይህን ዓይነት አደጋ አደገኛ የሚያደርገው አሽከርካሪው ጥንቁቅና ልምድ ያለው መሆኑ ነው፤ ልምዱ ራሱ ነውና የሚያሳስተው። የእኔ ምክር በቪትዟ በሚወጡበት ቀን በቆሙበት ቦታ ሁሉ ማርሹን ኤን ላይ አድርገው የእጅ ፍሬኑን መሳብ ነው። ሁለት ጥቅም አለው፦ እጅዎ ሥራ ስለሚያገኝ የትኛው መኪና ውስጥ እንዳሉ ያስታውሱበታል፣ ጉልበትዎም በቪትዟ ውስጥ እንኳ ያርፋል። ከቆመ ሰልፍ ኋላም በቂ ርቀት ይተዉ፤ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ከመሪዎ ኋላ ሆነው ሊታይዎት ይገባል። ቤተሰብ ውስጥ ሌላ የሚነዳ ካለ ይህን ለእርሱም ይንገሩት፤ በተለይ መንጃ ፈቃድ በቅርብ ያገኘ ልጅ በአውቶ ሆልድ ብቻ እየለመደ ካደገ ፔዳልን መያዝ የሚባለውን ነገር ሳይማር ይቀራል። ለማጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁልፉን አጥፍቶ ቢነዳ እመርጣለሁ።

ለመካኒክዎም አንድ ነገር ያድርሱልኝ፤ እውነተኛው ጉዳት ሊደርስ የሚችለው ጋራዥ ውስጥ ነውና። ኤሌክትሮኒክ የእጅ ፍሬን ባለው መኪና የኋላ ሸራ ሲቀየር ፒስተኑን እንደ ድሮው በሞርሳ ጨምቆ ወይም በብረት ፈልቅቆ መመለስ የውስጡን ቡሎንና ትንሿን ሞተር ይሰብራል። በመጀመሪያ በመመርመሪያ ኮምፒዩተር ወይም በመኪናው የራሱ ስክሪን ሥርዓቱ ወደ ጥገና ሁኔታ እንዲገባና ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲመለስ ይታዘዛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፒስተኑ ይገፋል። በሥራው ጊዜም የመኪናው ኤሌክትሪክ ይጥፋ፤ ሞተሩ በድንገት ከተነሣ የሰው ጣት ይይዛል። የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት የሚስብ ስለሆነ ብዙ ሠሪዎች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ቫልቮቹንና ፖምፓውን ያዝጋል፤ የሳጥኑ ዋጋ ደግሞ ከሸራ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የ12 ቮልት ባትሪውንም ያስመርምሩት፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ይኖረዋል። ባትሪው ሲሞት የተሳበው የእጅ ፍሬን የሚለቀው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ መኪናውን ገፍቶ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ከሌላ መኪና በኬብል ኃይል ሰጥቶ ማስለቀቅ ነው መንገዱ፤ ኬብሉን በመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይዘው ይዙሩ።